ቀስ ተብሎ የተሰጠኝ ቀለም

የግራ ዓይኔ ቆብ የወደቀው ማክሰኞ ጠዋት፣ አቃቂ በሰቃ በሚገኘው ቤታችን የተማሪዎቼን የፊዚክስ ፈተና ሳርም ነው። ከዓይኔ ጀርባ ከባድ ሕመም ነበረ። ታናሽ እህቴ ሰናይት አይታኝ ሳቀች።

«ዓይንሽም እንደ ተማሪዎችሽ ማንቀላፋት ጀመረ?»

ቆቡን በጣቴ አነሣሁት። ብሌኑ ሰፍቶ፣ ዓይኔ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር። ሳቋን አቆመች።

ያዩኝ የነርቭ ሐኪም አኑሪዝም ጠረጠሩ፤ በአንጎል ደም ሥር ላይ የሚወጣ እብጠት ነው። ከፈነዳ ይገድላል። ሲቲ አንጂዮግራፊ አዘዙልኝ፤ በዚህ ምርመራ በክንድ የሚገባ ቀለም ደም ሥሮችን በምስሉ ላይ ያበራቸዋል።

ቀለሙን የሚገፋው መሣሪያ ተበላሽቶ ስለነበር የምርመራ ክፍሉ ባለሙያ በእጁ እየገፋ ሰጠኝ። ፊቴን ሳጨማድድ አየ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ቀስ አደርግልሻለሁ።»

ቀስ አደረገ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

ሪፖርቱ «ነጻ» ይላል። ሰናይት በደስታ አለቀሰች። ዓይኔ አልተከፈተም።

ምስሉን በሲዲ ጠይቄ ወሰድሁ። መለካት ሙያዬ ነው። በኮምፒዩተር አንዲት ትንሽ ክብ በደም ሥሩ ላይ፣ ሌላዋን አጠገቡ ባለው የአንጎል ሥጋ ላይ አኖርሁ። የብርሃናቸው ልዩነት ከምስሉ ዥንጉርጉርነት እምብዛም አይበልጥም፤ ደም ሥሩ ከአካባቢው ተለይቶ አይታይም ማለት ነው። በዝግታ የገባው ቀለም በደሜ ውስጥ ቀጥኖ ጠፍቷል። ያልታየውን የለም ብለው ፈርመውበታል።

ሲዲውን ለነርቭ ሐኪሙ ወሰድሁላቸው፤ ምስሉን ራሳቸው ከፍተው አዩ።

«ይህ ደም ሥርዎን አያሳይም። እኔ ሪፖርቱን ብቻ ነበር ያነበብኩት።»

«እኔ ወረቀቱን ሳላነብ ማርክ አልሰጥም፣ ዶክተር» አልኳቸው።

በዚያው ቀን ወደ ሌላ ቦታ ላኩኝ። እዚያ ያለችው ባለሙያ ቀለሙ በፍጥነት እንዲገባ ወፍራም መርፌ ክንዴ መታጠፊያ ላይ ሰካች። «ያቃጥላል፤ እንዳትነቃነቂ» አለች። አቃጠለ። አኑሪዝሙ ታየ። የራስ ቅሌ በቀዶ ሕክምና ተከፈተ። እብጠቱ ከደም ሥሩ በሚነሣበት ሥፍራ በክሊፕ፣ በትንሽ የብረት መቆንጠጫ፣ ታሰረ። ተረፍሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሰናይት ክንዴን ይዛ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ዳር በየማለዳው ስታራምደኝ፣ መጀመሪያ ሕመሙ፣ ቀጥሎም የማየው ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት መሆኑ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፤ ቆቡ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተነሣም፤ ተማሪዎቼም የተቆጣሁ ይመስላቸዋል፤ አልተሳሳቱም።

ይህ ሕመም ለገጠማችሁ የምለው አጭር ነው። ከሪፖርቱ ጋር ምስሉን ተቀበሉ። «ነጻ» ስትባሉ፣ ከመደሰታችሁ በፊት፣ ደም ሥሩ በግልጽ ታይቶ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቀለሙ በፍጥነት መግባት ካለበት ይግባ፤ እዘኑልኝ አትበሉ።

ምስጋናዬ ለሰናይትና ላቃጠለችኝ ሴት ነው። የመጀመሪያውን ባለሙያ አንድ ጊዜ አመስግኜዋለሁ፤ ይበቃዋል።