ሊማሊሞን ያልወረደችው ብስክሌት

«ጋሻው አረፈ» ሲሉኝ «የትኛው ጋሻው?» ብዬ ጠየቅሁ። ደባርቅ ውስጥ ሌላ የማውቀው ጋሻው የለም። ሌላ እንዲኖር ፈልጌ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደረቴን ልታይ ብሎ በሚኒባስ ጎንደር ሄደ። በሱቄ በኩል ሲያልፍ «ለራት እደርሳለሁ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ልቡ ቆመ አሉ። አስክሬኑ ነገ ይመጣል። እኔ አሁንም ሚኒባስ ሲቆም ቀና ብዬ አያለሁ።

ለማታውቁት፣ ደባርቅ ላይ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የነበረው ሰው እሱ ነው።

በዚችው ብስክሌት በሱዳን አድርጎ በመተማ የገባ አንድ ፈረንጅ ተራራው ላይ፣ አምባራስ አጠገብ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ጋሻው የጉዞው ወጥ ሠሪ ነበር። በበቅሎ አውርዶ አስታመመው። ፈረንጁ «ባትሪውን አውሮፕላን አይጭንልኝም» ብሎ ብስክሌቷን ትቶለት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ብስክሌቷ ሌላ ሥራ ሆነችበት። ሰንሰለቷን በነጭ ጋዝ ያጥባል። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ የሞተር ሳይክል ሸራ ሞርዶ ይገጥማል። መብራት ሲመጣ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሮጦ ባትሪውን ይሰካል። ብርድ ስለሚያደክመው ደግሞ በጋቢ ጠቅልሎ ከአባቱ እግር ሥር ያሳድረዋል።

አባቱ የኔታ ናቸው። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ካጡ ቆይተዋል፤ ከዚያ ወገባቸው እምቢ አለ። ጠዋትና ማታ የሚያገላብጣቸው፣ የሚያጥባቸው ጋሻው ብቻ ነበር።

«አንድ ሌሊት እኔ ልያዛቸው፣ አንተ ዛሪማ ልጅህ ጋ ደርሰህ ና» ብዬው ነበር።

«ያፍራሉ» አለኝ። «ተማሪያቸው ሲያጥባቸው?»

ስለዚህ ለራት መድረስ አለበት። ባትሪው ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ የትም ይሁን የት፣ ይዞራል። «ግማሹ የመመለሻ ነው» ይል ነበር። አንዴ ወደ ሳንቃ በር ሲወጣ ዳገቱ መሀል ላይ ዞሮ መጣ።

«ሰውዬ፣ መመለሻው እኮ ቁልቁለት ነው» አልኩት።

«እንዳልለምድ ነው» አለ።

ቢራም ግማሹን ትቶ ነበር የሚነሳው። «ይሄም የመመለሻ ነው?» ሲሉት «አይ፣ ይሄ የአንተ ነው» ብሎ ይሄዳል።

ልጁ የሺ ከሊማሊሞ በታች፣ ዛሪማ እናቷ ጋ ናት። ጠዋት በመኪና መውረድ ቀላል ነው። ከታች የሚመጣው መኪና ግን ወይ ሞልቶ ወይ መሽቶበት ነው የሚደርሰው፤ ማደር ይመጣል። በብስክሌቷ ከሆነ መውረዱ ምንም አይፈጅም። የሊማሊሞን ዳገት ግን አንድ ባትሪ አይችለውም።

ስለዚህ ሁለተኛ ሠራ። ጎንደር አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ እየለቀመ፣ እየፈለፈለ፣ ደህና ደህናውን እየለየ በየደው። ኃይሉን የምትቆጣጠረውን ትንሽ ሰሌዳ አንድ አስጎብኚ ከውጭ አስመጣለት። ከየሺ ጋር ለእሁድ ተቃጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔም እነሱ ቤት ነበርኩ። አዲሱ ባትሪ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ክፍቱን መደቡ ላይ፣ የኔታ አጠገብ ነበር። የኔታ በየጠዋቱ ጸበል ይረጫሉ፤ ከመደባቸው ሳይነሱ እጃቸው እስከደረሰ። ባትሪውን በእጃቸው ዳበሱት።

«ጋሻው፣ ነገ ዳገቱን የምታወጣህ ይህች ናት?»

«እሷ ናት አባባ» አለ፤ ደጃፍ ላይ ጎማ እየነፋ ስለነበር ዞር ብሎ አላየም።

«መንገዱ ገደል ነው» አሉና የጸበሉን ጠርሙስ ገለበጡባት።

ጭሱን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ጋሻው በአካፋ አንስቶ ግቢ ጣላት።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ጎረቤት ፕላስቲክ እያቃጠሉ ነው አባባ።»

«ባረክኋት።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ሰሌዳዋ ቀልጣለች። ከዚያ በኋላ ሌላ አልተገኘም። ለየሺ ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። «ብስክሌቷ ታመመች» አላት። «ሁልጊዜ እሷ ናት የምትታመመው?» አለችው። ስልኩን ዘግቶ ጎማውን መንፋት ቀጠለ።

እሁድ ጠዋት የኔታን ተሰናብቶ፣ ብስክሌቷን ይዞ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ለራት ደረሰ።

«ወርደህ ወጣህ?»

«ወርጄ ወጣሁ።»

«ልጅቱ አድጋለች?»

«አድጋለች አባባ።»

ከዚያ ወዲህ እየሰነበተ እንዲህ «ይወርድ» ነበር። ሲመለስ የኔታ የየሺን ነገር ይጠይቁታል፤ እሱም በስልክ የሰማውን እንዳየ አድርጎ ይነግራቸዋል።

የሰፈር ሰዎች፣ ይህን ካነበባችሁ አደራ፦ የኔታ ገና አልሰሙም። መርዶው ንጋት ላይ ነው፤ ካህናቱ ይመጣሉ። እስከዚያ ደጃቸው ላይ ማንም እንዳያለቅስ።

ራታቸውን አሁን አብልቻቸው መጣሁ።

«ጋሻውስ?»

«መኪና አጥቶ ጎንደር ሊያድር ነው፣ የኔታ።»

«ያችን ብስክሌት ይዞ ቢሄድ ይመለስ ነበር» አሉ። «ባርኬያታለሁ እኮ።»

አገላበጥኋቸው፣ አጠብኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አልከለከሉኝም።

ጋሻው፣ የሺ ነገ ሊማሊሞን ወጥታ ትመጣለች። አሮጌው ባትሪህ እግራቸው ሥር ነው፤ ያለበት ትቼዋለሁ። አባትህ በልተዋል፣ ታጥበዋል። ዛሬ ለመመለሻ ምንም አታስቀር። ሂድ።