ከአንድ ሶኬት ስድስት ገመድ

ባለፈው እሁድ ልጄ ትርንጎ የቻርጀር ገመድ በጥርሷ ስትልጥ አየሁና የያዝኩት ሰሃን ከእጄ ወደቀ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን ሆና፣ የተማሪዎች ማደሪያ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ፣ የሰማያዊ ገመድ ጫፍ ስትጠባ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባሌ እንደወጣ ሲቀር ያደግኩባትን ከተማ ይጁቤን ትቼ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ወይዘሮ ሙሉ የሚባሉ ሴት ለተማሪ የሚያከራዩት ባለ ስድስት ክፍል የጭቃ ቤት ነበራቸው። እየጠረግኩ፣ ውሃ እየቀዳሁ፣ ከስድስቱ ውጭ ጫፍ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል አድራለሁ። ከዚያች ክፍል ሌላ መግቢያ አልነበረኝም፤ አባቴ ቤት እንዳልመለስ ተነግሮኛል።

ተማሪዎቹ ክፉ አልነበሩም። ግን ከትምህርት ሲመለሱ በራቸውን ዘግተው በስልክ ከሩቅ ሰው ጋር ነው የሚያወሩት፤ ሳቃቸው ብቻ በግድግዳው ያልፋል። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ድንች እቀቅላለሁ፣ ለልጄ ትኩሱን እልጣለሁ፣ ጨው ይነሰው ይብዛው የሚለኝ ሰው ሳይኖር እበላለሁ።

የኢንተርኔቱ ሶኬት ለቤቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ። የወይዘሮ ሙሉ ትእዛዝ፣ አንድ ኮምፒውተር ይሰካ፣ ተማሪ በተራ ይጠቀም፣ ገመድ ሲቀጥል የተገኘ ዕቃውን ይዞ ይውጣ የሚል ነው። ልጆቹ ግን መዳፍ የምታህል ሳጥን አመጡ። ከሶኬቱ አንድ ገመድ ወደ ሳጥኗ፣ ከሳጥኗ ስድስት ገመድ በየበሩ ስር አሳልፈው ምንጣፍ አለበሱት። ስጠርግ አየሁት። ሰናይት የምትባል የደምበጫ ልጅ፣ "እትዬ፣ ምንም አላየሽም አይደል?" አለችኝ።

"ምኑን?" አልኳት። ሳቀች። ያን ቀን ያናገረኝ ሰው እሷ ብቻ ስለነበረች ደስ አለኝ።

ክፍሌ ስገባ ግን ፈራሁ። እኛ ሰፈር አምስት ቤት ከአንድ ቆጣሪ ቀጥሎ መብራት ያበራ ነበር። አንድ ክረምት ያ ገመድ ጎረቤታችንን ገደላት። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹ ሲመክሩን፣ መብራት የያዘውን ሰው በእጅ አትንኩ፣ በደረቅ እንጨት ገመዱን ምቱት ይሉን ነበር። የኢንተርኔት ገመድ ሌላ፣ የመብራት ገመድ ሌላ መሆኑን ከየት ልወቅ? ሦስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ብናገር ልጆቹ ይባረራሉ ብዬ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ልጄ ምንጣፉን ገልጣለች። ከአንዱ በር ስር ሾልኮ የወጣ ገመድ ጫፉ አፏ ውስጥ ነው። አትንቀሳቀስም፤ ዓይኗ አንድ ቦታ ቀርቷል። ጀሪካኑን ጥዬ የመጥረጊያውን እንጨት አነሳሁና ገመዱን ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ሳጥኗ ተወረወረች። ሶኬቱ ከነጭቃው ተገንጥሎ ወደቀ። ልጄ በድንጋጤ ጮኸች። ልቅሶዋን ስሰማ እዚያው ተቀመጥኩ።

ስድስቱም በር ተከፈተ። ጌትነት የሚባለው ልጅ የተነቀለውን አይቶ፣ "እትዬ፣ እባብ ነው እንዴ የመሰለሽ?" አለ። ማንም አልሳቀም። ሰናይት ልጄን አቅፋ አፏን አየች። ከዚያ ያንኑ ገመድ አንስታ ምላሷ ላይ አደረገችው።

"እይኝ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ይሄ ሰው አይገድልም።"

ጩኸቱን ሰምተው ወይዘሮ ሙሉ መጡ። ግድግዳውን አዩና ማነው ቤቴን ያፈረሰው አሉ። ውጭ ዝናብ ነው፤ ልጅ ይዤ የት ልድረስ?

"እኛ ነን፣ እማማ" አለች ሰናይት። "ለስድስት ስንቀጥለው ነው የተነቀለው።"

ጌትነት ዞር ብሎ አያት። "አዎ፣ እኛ ነን" አለ እሱም። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ።

ወይዘሮ ሙሉ አንድ በአንድ አዩአቸው። አንድ ሰው ቢሆን ያን ሰዓት ያስወጡት ነበር። ስድስቱን ባንዴ አስወጥተው በዚያ ክረምት ማንን ሊያከራዩ? ግድግዳውን ለስኑልኝ ብለው ሄዱ። ልጆቹ መለሰን አያውቁም። ጭድና ጭቃ አቡክቼ እኔ ለሰንኩት፤ እነሱ ውሃ አቀበሉኝ። እስኪደርቅ ኢንተርኔት የለምና ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው በሶ ጨበጡ፤ ለእኔም አንድ ጭብጥ ሰጡኝ።

ፈተናቸውን ጨርሰው ሄዱ፣ አልተመለሱም። ያኔ ስልክ አልነበረኝም፤ የት እንዳሉ አላውቅም። ትርንጎ ትምህርት ቤት ስትውል ቤቱ ጭር ሲልብኝ አስባቸዋለሁ። የገዛ አባቴ በሩን ዘግቶብኝ ሳለ፣ ስሜን እንኳ በቅጡ የማያውቁ ልጆች ጥፋቴን ወሰዱልኝ። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው መቅረቴ ይቆጨኛል። ያን ቀን ግን ከዚያ ቤት አልወጣንም። ልጄ ደህና ናት፤ እኔም ደህና ነኝ።