ርዝመቱን ብቻ ለካን

ትዝታ ያለው ብረት የፈለገውን ያህል ቢያጎብጡት ወደነበረበት ይመለሳል ይባላል። አይመለስም። ባለፈው ሳምንት የልጄን ጥርስ የሚያስተካክለው ሐኪም ቀጭን ሽቦ ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ሲለቀው ሽቦው ተፈናጥሮ ተቃና። «አዩ፣ አይረሳም!» አለኝ፣ ራሱ የፈጠረው ይመስል። እኔ ግን የአሲድ ሽታ ትዝ አለኝ፤ አምቦ፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ፣ ከሰዓት በኋላ በአቧራማው መስኮት የሚገባው ቢጫ ብርሃን።

ለሁለተኛ ዲግሪ ስንማር ነው። የክፍል ጓደኛዬ የጊንጪ ገበሬ ልጅ ነበር። ሥራችን እንዲህ ያለውን ሽቦ ክብደት ሰቅሎ መሳብ፣ በፈላ ውሃ ማሞቅ፣ ርዝመቱን ለክቶ እንደገና መስቀል ነበር። ብረቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ንጣፎች አሉ፤ ሲሳብ ሁሉም ወደሚጎትታቸው ኃይል ይዞራሉ፣ ሲሞቅ የቀድሞ ቦታቸውን ይይዛሉ። እንዲህ ተማርን፤ አመንን። ከተማው ግን ያኔ ከተቃውሞ አላረፈም። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ባጃጆቹ ድንገት ይጠፋሉ፣ ከዚያ ዝምታ።

ጓደኛዬን ወታደሮች ወሰዱት፤ ለቀቁት። «የእስር ቤቱ ሽሮ ከካፌያችን ይሻላል፣ ኦቦሌሶ፣ ወንድሜ» ብሎ አሳቀኝ። ደግመው ወሰዱት፤ ሲመለስ ያንኑ ቀልድ ነገረኝ፤ ያንኑ ሳቅ ሳቅሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ወስደው ሲለቁት አባቱ ጊንጪ ቤታቸው የምስጋና ጸሎት አደረጉ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ መዝሙሩ የቆርቆሮውን ጣሪያ አንቀጠቀጠው። አባትየው እጃቸውን ልጃቸው ትከሻ ላይ አሳርፈው «ጌታ ሆይ፣ እንደሄደ መለስክልኝ» ሲሉ ሁላችንም «አሜን» አልን። እሱ ግን በሩን ነበር የሚያየው።

ሰኞ ቤተ ሙከራ ገብቶ ከሽቦው ጫፍ ቆረጠ፤ አለስልሶ፣ በአሲድ አጥቦ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠው።

«ና እይ።»

በንጣፎቹ መሃል ጭረት የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ቀርተዋል።

«ይሄ መቼ ነው የመጣው?» አልኩት።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ። እኛ ርዝመቱን ብቻ ነበር የምንለካው።»

በግቢው መኪና አለፈ። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀና «ውሃው ፈላ፣ አውጣው» አለኝ።

ውሃ አልጣድንም ነበር።

ትምህርቱን አልጨረሰም። አሁንም አባቱ ቤት ነው። «ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል» አሉኝ አባቱ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስሄድ። እውነታቸውን ነው፤ ቁመናው እንኳ አልተለወጠም። እኔ ስገባ ግን ከወንበሩ ተነሳ፤ ምንም ሳልለው ሁለቱን እጆቹን አጣምሮ ወደ እኔ ዘረጋ፣ እንዳስርለት። ያዝኳቸው። ሞቃት ነበሩ። እስኪላሉ ድረስ አልለቀቅኋቸውም።

ከእስር የተመለሰ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ደህና ነው አትበሉ። አጠገቡ ተቀመጡና እስኪነግራችሁ ጠብቁ።