ዳልጮ፣ ህንዱና የፊቱ ወንበር

ጎረቤቴን ዳልጮን ሶዶ ውስጥ የማያውቀው የለም። ረጅም ነው፣ ኮስታራ ነው። ሲስቅ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። ጸሎት ቤታችን ውስጥ ሽማግሌዎች የሚቀመጡባት የፊት ወንበር አለች። ዳልጮ ጢሙ ሳይሸብት ጀምሮ ጫፏ ላይ ነው። ሚስቱን ሲቀብር እንኳ በሳምንቱ እዚያችው ጫፍ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ቦታዬ ከኋላ፣ በሩ ጥግ። ማን አረፈደ፣ ማን አዲስ ጫማ ገዛ፣ ከዚያ ጥሩ ይታያል።

ዩኒቨርሲቲው በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት ዳልጮ ሰርቪሱን ለአንድ ህንድ አስተማሪ አከራየ። ዶክተር ቬንካት ይባላል። ሰፈሩ ወሬ ርቦት ነበር፣ ጦሳ፣ እግዜራችን፣ ይስጠውና ጠገብን! ሰውዬው ሥጋ አይበላም። ወላይታ መጥቶ፣ በጊፋታ፣ በዘመን መለወጫችን፣ ሰው ሁሉ ጥሬው ላይ ሲረባረብ እሱ ቦዬውን፣ ያን ሥራሥራችንን፣ በዳጣ ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ዳጣው እኛን እንባ ሲያስወጣን እሱ ይጨምራል። "አዬ፣ ይሄ የሕፃን ነው" ይለኛል። አዬ ማለት በኛ እናት ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

የዳልጮ እንሰት ደሞ ሙዝ መስሎታል። ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ አንጋጦ ያየዋል። አንድ ቀን "ፍሬው መቼ ነው የሚደርሰው?" ብሎ ጠየቀ። ዳልጮ የሳቀው ያኔ ነው። ዶማውን ጥሎ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተላመዱ። ከሥራ ሲመለሱ እንሰቱ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ። የዳልጮ ልጅ ሶልያና፣ ሻንቶ ከተማ እንግሊዝኛ የምታስተምረው፣ ታስተረጉማለች። እኔ ጎመን ልለምን ብዬ ብቅ እላለሁ። ጎመን እኔም ጓሮ አለ፣ ግን ምን ቸገራችሁ።

"ኢየሱስን እወደዋለሁ" አለ ህንዱ አንድ ቀን። "እኛ አገር ዓለም ሲበላሽ አምላክ ሥጋ ለብሶ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ ወርዷል እንላለን። እሱም አንዱ ነው። 'እኔና አብ አንድ ነን' ሲልም ይገባኛል። የኛም ሊቃውንት የሰው ነፍስና አምላክ አንድ ናቸው ብለዋል። ያልገባኝ 'ስለ እናንተ ሞተ' የምትሉት ነው። ሰው የዘራውን ራሱ ነው የሚያጭደው። ዛሬ ባያጭድ፣ ሞቶ ተመልሶ ተወልዶ ያጭዳል። ሌላው እንዴት ያጭድለታል?"

ዳልጮ ብድግ አለ። ወደ ጓሮው ወሰደው፣ እኛም ተከተልን።

"ፍሬ ስትጠብቅ አልነበር? እንሰት የምናባዛው በፍሬ አይደለም" አለው። "እናትየውን ከመሬት እንቆርጣታለን። ልቧን እናወጣለን፣ እበትና አፈር ሞልተን እንቀብራታለን። ዝናብ ሲመጣ እነዚህ ሁሉ ከሷ ይበቅላሉ።" ዙሪያውን ያሉትን ቡቃያዎች አሳየው።

ህንዱ ደስታው! "ይኸው! ሁሉም እናትየው ናቸው! አንዷ ናት ብዙ የሆነችው፣ የኛ ትምህርት ይሄ ነው!"

"አይደለም" አለ ዳልጮ። "እናትየው በስብሳለች። ቆፍረህ እያት።"

አንድ ተክል፣ ሁለት ስብከት። እኔም ጎመኔን ረስቼ ሄድኩ።

ነገር የመጣው በዓመለወርቅ ነው፣ በኳየራችን ዘማሪ። ህንዱን ለጸሎት ቤቱ ኮንፈረንስ ልትጋብዝ መጥታ በሩን ክፍት አገኘችው። መደርደሪያው ላይ የኢየሱስ ሥዕል አለ። በዚህ በኩል የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው፣ በዚያ በኩል ዋሽንት የያዘው ሰማያዊው። ለሁሉም አበባ፣ ለሁሉም መብራት። "ጌታን ከዝሆን ጋር!" እያለች ወጣች። ሳይመሽ ወሬው ጉኑኖ ገባ። እኔ ሻንቶ ድረስ ብቻ ነው ያደረስኩት።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ዋናቸው ሀብተጊዮርጊስ "ወንድም ዳልጮ" አለ፣ "ጣዖት ባለበት ግቢ የሚኖር ሽማግሌ የለንም። እስከ እሑድ ወይ ህንዱ ከግቢህ ይውጣ፣ ወይ አንተ ከወንበሩ።"

ነገሩ ለዳልጮም ቀላል አልነበረም። እሱንም ሥዕሉ ቆጥቁጦታል። ህንዱ ዘንድ ገብቶ "ጌታዬን ከነዚያ መሃል አውጣልኝ፤ እሱ ከብዙዎቹ አንዱ አይደለም" አለው። ስለ ወንበሩ ግን ትንፍሽ አላለም።

ህንዱ ግራ ገባው። "አውጥቼ የት ላድርገው? ከዚህ የሚበልጥ የክብር ቦታ የለኝም" አለ።

ዳልጮ ሥዕሉን እዚያው ትቶት ወጣ።

እሑድ ሀብተጊዮርጊስ በሰው ሁሉ ፊት "እህስ?" አለው።

ዳልጮ ቆመ። "አባቴ ቃልቻ ቤት የሚሄድ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ወንጌላዊ ሲመጣ ሰፈሩ 'አባረው' አለው። አባቴ 'እንግዳዬ ነው' ብሎ አሳደረው። እኔ ወንጌል የሰማሁት ያን ሌሊት ነው። አሁን ክርስቲያን ሆኜ ከአባቴ ልነስ?"

ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠረገ እንጂ ቃሉን አላጠፈም። ዳልጮ መጽሐፍ ቅዱሱን አንሥቶ፣ የመሃሉን መንገድ ሁሉ አቋርጦ፣ እኔ ዘንድ ደረሰ።

"ጠጋ በይ" አለኝ።

ለህንዱ የነገረችው ሶልያና ናት። ሰውዬው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሻይ ብታመጣለት አልነካውም። "መደርደሪያው የኔ፣ ሥዕሉ የኔ" ይላል። "እሱ ለምን ያጭዳል?"

በሚቀጥለው እሑድ መዝሙር ላይ ሳለን በሩ ተከፈተ። ህንዱ ነው። ጫማውን ውጭ አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ፣ አገሩ እንደዚያ ነው አሉ። ፊት ቦታ ሊሰጡት ተነሡለት፤ አልሄደም። ከዳልጮ ጎን ተቀመጠ። ዳልጮ ዞር ብሎ አላየውም፣ የመዝሙር መጽሐፉን ግን ወደሱ ገፋ አደረገለት። ምን ሊያነበው!

እኔ አላስቻለኝም። ጎንበስ ብዬ "ዶክተር፣ ጌታን ተቀበልክ እንዴ?" አልኩት።

"አልተቀበልኩም፣ አዬ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ የፊቱን ወንበር ባዶ ጫፍ እያየ። "ግን ቆፍሬ አየኋት። እናትየው በስብሳለች።"

ሥዕሉ ዛሬም እዚያው ከዝሆኑ ጎን ነው። የፊቱ ወንበር ጫፍም ባዶ ነው፣ ሀብተጊዮርጊስ እንኳ ወደዚያ አይጠጋም። እኛ ግን ከኋላ ተጣብበን እንቀመጣለን። ሁለት ረጃጅም ወንዶች በሩን ከልለውብኝ፣ ይኸው ማን እንዳረፈደ ማወቅ አቃተኝ።