የሰኞ ማክሰኞን ሕግ ፍለጋ፤ ከካዛንቺስ እስከ ላንቻ

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ሰው ለንግድ ይጓዛል፣ ለለቅሶ ይጓዛል፣ ስለት ለማድረስም ይጓዛል። እኔና የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሜላት ግን ዛሬ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የተነሳነው የአንድ ጨዋታ ሕግ ፍለጋ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ይዘነው መመለስ አለብን።

ነገሩ የጀመረው ትናንት ነው። የግቢያችን ልጆች ደረጃው ላይ ተደርድረው፣ አንገታቸውን ስልክ ላይ ደፍተው ሳይ አላስችል አለኝና ጠመኔ ይዤ ወረድኩ። ሲሚንቶው ላይ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያልኩ እስከ እሁድ ሰባት ቤት ሳልኩ። ጠጠር ወርውሮ፣ በአንድ እግር እየዘለሉ ሄዶ መመለስ ነው። ስልክ ሁሉ ኪስ ገባ! ሜላት እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ከዚያ ሊያ የምትባል የጎረቤት ልጅ እሁድ ላይ ሁለቱንም እግሯን አሳረፈችና ጭቅጭቅ ተነሳ።

"ወጥተሻል!"

"አልወጣሁም!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ሁለት ቤት ላይ በሁለት እግር ይታረፍ ነበር። አንዱ እሁድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለተኛው ግን ጭራሽ ጠፋኝ። ማክሰኞ ነው፣ አይ ሐሙስ ነው እያልኩ ስንተባተብ ሊያ፣ "እናትሽ ራሷ አታውቀውም እኮ" ብላ ስልኳን አወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ሜላት ጠመኔውን ከእጄ ነጥቃ፣ "ነገ አሥር ሰዓት ሕጉን ይዘን እንመጣለን!" ብላ ጮኸች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የካዛንቺስ ሰፈሬ ሰው ሲበታተን የእድሩ ሰዎች የከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቅሁ። መልሱ ጎረፈ፤ ሁለቱ እንኳ አይገጥሙም። የሚረባ ነገር የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ "ዘይነብን ጠይቂያት። ዳኛችን እሷ አልነበረች?" ዘይነብ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ አሁን ላንቻ መጋረጃ ትሸጣለች። ስልኳ አይነሳም። እንግዲህ እግር ለምን ተፈጠረ!

ካዛንቺስ፣ አራት ሰዓት ገደማ

መገናኛ ላይ ሚኒባስ ቀየርን። ረዳቱ "ካዛንቺስ፣ ሁለት ሰው የቀረው!" እያለ አምስት ሰው ጫነ። ሜላት ጭኔ ላይ ሆና ሰዓት በየደቂቃው ትጠይቀኛለች።

መጀመሪያ ካዛንቺስ የወረድነው ቦታውን ሳየው ትዝ ይለኝ ይሆናል ብዬ ነው። ቦታው ግን የለም። ጠባቧ መንደራችን በነበረችበት ላይ ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድ፣ አበባና አግዳሚ ወንበር ተዘርግቷል። ያምራል፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ አያምርም አልልም። ቤታችን የት ጋ እንደነበር ግን ጠፋኝ። "እዚህ ጋ... አይ፣ እዚያ ጋ" እያልኩ ስዞር የእግረኛ መንገዱን የሚጠብቅ አንድ ወጣት ዘብ ቀረበን።

"እህቴ፣ ምን ጠፋብዎት?"

"ሰፈር" አልኩት።

ሳቀና ጉዳያችንን ጠየቀ። ነገርኩት። ይስቅብኛል ስል ኮስተር ብሎ አሰበበት። "እኛ አገር፣ ጎጃም፣ አፈር ላይ በእንጨት ነበር የምንጭረው። ማረፍ ብሎ ነገር ግን የለም። ያረፈ፣ ወጣ ነው!"

ሜላት ይህን ሕግ አልወደደችውም። ልትከራከረው ጠመኔዋን ስታወጣ ዘቡ ደነገጠ። "አይ አይ፣ እዚህ መሳል አይቻልም። ገና አሁን ነው የታጠበው።"

ሜላት አቀርቅራ ንጣፉን አየች። "ማሚ፣ ተስሏል እኮ!"

እውነቷን ነው። ንጣፉ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ነው! ጠጠሯን ወርውራ ዘለለች። ከረባት ያሰረ ሰውዬ መንገድ ለቀቀላት። ዘቡ ግራና ቀኙን ቃኘና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ "ሐሙስ... አርብ... መስመር ረገጥሽ!" እያለ ይቆጥር ጀመር። እኔም ቦርሳዬን አስይዤው ዘለልኩ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ቅዳሜ ላይ ከዳኝ፤ ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም። ሁለተኛዋ ማረፊያ ብቻ አልመጣችልኝም።

ኦሎምፒያ፣ ስድስት ሰዓት

በእግራችን ቁልቁል ወርደን ኦሎምፒያ ደረስን። ሳምቡሳና ሻይ ለሁለታችን መቶ ብር አልሞላም። ከፊት ለፊታችን ካለ ሕንፃ ላይ የልጆች መጫወቻ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ለግማሽ ሰዓት ሁለት መቶ ብር፣ ካልሲ ግዴታ ነው።

"ማሚ፣ ድሮ ስንት ነበር?" አለች ሜላት።

"ምኑ?"

"መጫወት።"

ሻዬን ጨርሼ ተነሳሁ።

ላንቻ፣ ስምንት ሰዓት

የዘይነብን ሱቅ ሦስት ሰው ጠይቀን አገኘነው። ከተሰቀለው መጋረጃ መሃል ብቅ አለችና ጨርቁን ከነሜትሩ ጥላ አቀፈችኝ።

"ሰብልዬ! ወላሂ አንቺ ነሽ? ስልኬ ተበላሽቶ ሊሠራ ሄዷል። በሰላም ነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ሰኞ ማክሰኞ ላይ እሁድ ይታረፋል አይደል? ሌላው የት ነበር?"

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች። "አርብ ነዋ! እንዴት አርብን ትረሻለሽ? አባቴ አርብ አርብ ሱቁን ዘግቶ ለጁምዓ ይሄድ የለ? እና እኔ፣ ማለቴ፣ በአርብ በአንድ እግር አልቆምም ብዬ ድርቅ አልኩ። አንቺ ደግሞ እንግዲያው እሁድ የእኔ ነው አልሽ። ስንጣላ ዋልን፤ በቃ፣ ሁለቱም ማረፊያ ሆኑ።"

እንዴት ረሳሁት! ጠቡ ራሱ ትዝ አለኝ፤ ፀጉሯን ጎትቻት ነበር።

ሜላት ግን አልሳቀችም። "እና ሕጉን እናንተ ናችሁ ያወጣችሁት? ማን ፈቀደላችሁ?"

"ማንን እንጠይቅ የእኔ ቆንጆ?" አለች ዘይነብ። "እናቶቻችን የት እንዳለን እንኳ አያውቁም ነበር። የአሁኑ የስልክ ጨዋታ ሕጉን ይዞ ይመጣል። የእኔዎቹ ሲጣሉ እንኳ ሰምቼ አላውቅም፤ በምን ይጣላሉ?"

ይህቺ ነገር እስከ መገናኛ ድረስ አብራኝ ተጓዘች። ለካ ከጠመኔው ጋር ሕጉንም ይዤ የወረድኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ በጨዋታ ሲጣሉ እኔን የሚያዩኝ፣ ከዚያ በፊት ራሳቸው ዳኝተው ስለማያውቁ ነው። እኛን ጎረቤት ያደረገን ያ ጠብና እርቅ ነበር፤ ልጄን የነፈግኋት እሱን ነው።

የካ አባዶ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ

ከሚኒባሱ እየሮጥን ገባን። ሊያና ሁለት ልጆች ደረጃው ላይ ቁጭ ብለዋል። ጠብቀውናል!

"እሺ፣ ሕጉስ?" አለች ሊያ።

አፌን ልከፍት ስል ሜላት እጇን አነሳችብኝ። "ሕግ የለውም" አለች። "ድሮም የሚያወጡት የሚጫወቱት ልጆች ናቸው። ዛሬ እኛ እናወጣለን።"

ሊያ ስልኳን አየች። ከዚያ ስልኳን ደረጃው ላይ አስቀመጠችና፣ "እሁድ ይታረፋል። ካልሆነ አልጫወትም" አለች። አንደኛው ልጅ "ለምን እሁድ?" ብሎ ጮኸ፤ ሜላትም ጮኸች። ላስታርቅ ጠጋ ስል ልጄ ዞር ብላ፣ "ማሚ፣ አንቺ ግቢ" አለችኝ።

ገባሁ። አራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆሜ ጩኸታቸውን እያዳመጥኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ስመለከት ልጆቹ ስድስት ሆነዋል።

ሜላት ሊመሽ ሲል ጉልበቷ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ ገባች። "እሺ፣ የት የት ይታረፋል ተባለ?" ብዬ ጓጉቼ ጠየቅኋት።

"አልነግርሽም። የእኛ ነው።"

ቅር ሊለኝ ነበር። ግን እኔስ አርብን መች ለእናቴ ነግሬያት አውቃለሁ?