አልጋዬ ሥር የደበቅኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ቂሊንጦ ፋብሪካ የምትሠራው የልጅ ልጄ ትዕግስት ከሰርቪስ ወርዳ፣ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ጎልማሳ ካርቶን አቅፎ ይስቃል። ካርቶኑ ላይ የታተመው አውሮፕላን ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ጥንቸል። ፋብሪካው ሲያሽግ ተሳስቶ ነው አለችኝ። እንዲህ ያለው መጫወቻ ብርቅ ስለሆነ እያደኑ የሚሰበስቡት ሰዎች አሉ፤ በመኪና ዋጋ የሚገዛም አይጠፋም።

«አባባ፣ እርስዎም ድሮ መጫወቻ ፋብሪካ ነበሩ አይደል? ምነው አንድ እንኳን ቢያስቀምጡልን?»

ሳቅሁ። ስስቅ እየዋሸሁ መሆኔን የምታውቀው ሟች ባለቤቴ ብቻ ነበረች።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ አቃቂ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ፣ የፕላስቲክ መጫወቻ የሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ብሎኬት ይመረታል። እዚያ ማሸጊያ ክፍል ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ተቆጣጣሪ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጠረጴዛ ጫፍ ቆሜ ካርቶኑን እየከፈትኩ፣ ከላይ ያለው ሥዕልና ከውስጥ ያለው ዕቃ መመሳሰሉን አያለሁ። አንበሳን ከፈረስ ለመለየት ምን ያህል ትምህርት እንደሚያስፈልግ እናንተው ገምቱ። እኔ ግን ሰማያዊ ጋወኔን ለብሼ በገበያው መሃል ሳልፍ ከሚኒስትር የማንስ አይመስለኝም ነበር።

ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዷ አሻጊ ቁጥሯ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ታስቀምጣለች። ስህተት ካገኘሁ በቁጥሩ ፈልጌ እመልስላታለሁ፣ አለቃችን ካቦው ደግሞ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርግባታል።

አንድ የሐምሌ ጠዋት የአንበሳ ካርቶን ከፍቼ አሻንጉሊት አገኘሁ። አንበሳው ከውጭ አፉን ከፍቶ ሳለ እሷ ከውስጥ ጉንጯን አቅልታ ፈገግ ብላለች። መመለሱ አሳዘነኝና ጋወኔ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ክዳኑ የተቀደደውን፣ ሙጫው የለቀቀውን ተራ ስህተት ለአሻጊዋ እመልሳለሁ፤ ያማረውን፣ መኪና ተብሎ ፊሽካ የያዘውን፣ ወደ ቤት እወስዳለሁ። እናቴ አልጋዬ ሥር እየጠረገች፣ ሚስት ሳታገባ ይኼ ሁሉ ለማን ልጅ ነው ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለአሻጊዎቹ ውለታ እየዋልኩ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጋወን የለበሰ ሌባ ምክንያት አያጣም።

ቁጥር አሥራ አራት ዘነበች ነበረች። በስድስት ሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሴት ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ምሳ ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በሶዋን በጣሳ ትበጠብጥና፣ የቀልድህ ደሞዝ ነው እያለች ለእኔ ሳትሰጥ አትቀምስም። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ፣ ከምወስዳቸው ካርቶኖች የሚበዙት የእሷ ቁጥር ያለባቸው ሆኑ። ብጣሿን ወረቀት አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ስታይ አይቻለሁ። ወደ ቤት ስንሄድ የመንገዱን ጉድጓድ በእግሯ እየዳሰሰች ስትሻገርም አይቻለሁ። ዓይኗ እየደከመ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ያየሁት ካርቶኑን ነው። የእሷ ስህተት ሁሉ ያማረ ነበር፤ ፈረስን በአንበሳ፣ አሻንጉሊትን በመኪና። አሥራ አራት ቁጥር ሲመጣ ልቤ ይዘል ነበር።

መስከረም ሲጠባ ካቦው ሰበሰበንና መዝገቡን ገለጠ። በክረምቱ አንድም ካርቶን ያልተመለሰባት ዘነበች ብቻ ናት፣ ስለዚህ ወደ መቅረጫው ማሽን ታልፋለች አለ። ሴቶቹ እልል አሉላት። ማሽን ላይ መቆም በእኛ ዘንድ ሹመት ነበር። ሁለት የጋሉ የብረት ሰሌዳዎች ይገጥማሉ፣ ይከፈታሉ፤ ቀዩ አምፖል ሲጠፋ ሠራተኛዋ እጇን አስገብታ የተቀረጸውን ታወጣለች። አምፖሉ ከጥፍር አይበልጥም።

በር ላይ ጠበቅኋት።

«ዘኑ፣ ማሽኑ ይቅርብሽ።»

«ምነው፣ ቀናህ እንዴ?»

ምክንያቱን ብነግራት ስርቆቴን መናገሬ ነው። ከሥራ መባረር አለ፣ እስር አለ። «አዎ፣ በሶዬ ሊቀርብኝ ነው» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

በአምስተኛው ቀን አራት የቀኝ እጅ ጣቶቿን ማሽኑ ወሰዳቸው።

ሆስፒታል ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ከፍ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ፣ «እኔኮ አንድ ካርቶን እንኳን ተመልሶብኝ አያውቅም። ይኼ እጅ ምን ነካው?» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ሁሉንም በጆንያ አጭቄ አቃቂ ወንዝ ላይ ዘረገፍኩት። ካርቶኑ ራሰና ተበታተነ፤ አሻንጉሊቶቹ ግን ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፈፉ። ፕላስቲክ እንደማይሰምጥ የመጫወቻ ፋብሪካው ተቆጣጣሪ አላሰበውም ነበር።

ዘነበች ዛሬም አቃቂ በሰቃ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ዓይኗ ጨርሶ ከጠፋ ቆይቷል፤ በድምፄ ታውቀኛለች። በየዓመት በዓሉ ልነግራት ሄጄ፣ አስቄያት እመለስ ነበር። ከትዕግስት ጥያቄ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እሑድ ዕለት ሄጄ ሁሉንም፣ ከአንበሳው ካርቶን ጀምሬ፣ ነገርኳት።

የተረፈችውን አውራ ጣቷን በግራ እጇ ይዛ ስታሻሽ ቆየች።

«ይኼን ሁሉ ዘመን እጄን ስረግመው ኖርኩ» አለች በመጨረሻ። ቀጥላም፣ «በል አሁን ሂድልኝ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ ሳይወጣ በሩ ተዘጋ። አስፋልቱ ድረስ በእግሬ ወጣሁ። የፈጣሪ ሥራ ሆኖ አንዲት ቀልድ እንኳን አልመጣልኝም። ሰው ሲያረጅ ጥፋቱም አብሮት የሚያረጅ ይመስለው ይሆናል። የእኔ ያኔ እንደነበረው ነው፤ ያረጀነው እኔና እሷ ነን። የፊታችን እሑድ ተመልሼ እሄዳለሁ። ከከፈተችልኝ እገባለሁ። ካልከፈተችልኝ ደጃፏ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው?