የጓዳው ኮቴ

ልብስ ሰፊዋ ፍቅርተ ደብረ ታቦር ውስጥ ከእትዬ ማሬ ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቀን ሱሪ ታሳጥራለች፣ ሲመሽ ልብ ወለድ ትጽፋለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የጻፈችውን ስታነብልን ግቢው በጎረቤት ጢም ብሎ ይሞላል፤ እኔማ በርጩማ የምይዘው ከሁሉም ቀድሜ ነው።

ታሪኩ መንፈስ ሰፍሮበታል ስለሚባል ቤት ነው። አንድ ዲያቆን ከቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ መስቀል ፍለጋ እዚያ ቤት ይገባል። ጓዳው ውስጥ ሰው የለም፣ ኮቴ ግን ይሰማል። እዚህ ላይ ስትደርስ ሁላችንም እናማትባለን። ጓዳው ደግሞ ከነተሰነጠቀው ጋን የእትዬ ማሬ ጓዳ ነው፤ ፍቅርተ እንዳለ ነው የገለበጠችው። እትዬ ማሬ የገዛ ጓዳቸውን ፈርተው ዱቄት ከእኛ ይበደሩ ጀመር።

በመጨረሻ "የጻፍሽው መጥቶብኛል ልጄ" አሏትና የንስሐ አባታቸውን መምሬ ባንተአምላክን ጠበል ይዘው እንዲመጡ ለመኗቸው። ፍቅርተ ማፈር ሲገባት ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ለካ የሷም ብዕር ሰው ያስፈራል።

መምሬ ጸሎት አድርሰው ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ደጁን ረጩ። ይኼኔ እትዬ ማሬ ሌላ ጭንቀት ያዛቸው።

"አሁን ወጣ ማለት ነው? ታዲያ የፊታችን እሑድ ምን ልንሰማ ነው?"

መምሬ የጠበሉን ዕቃ ከድነው ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

"ጓዳውን ትቼዋለሁ" አሉ። "መስቀሉን ማን እንደወሰደው ሳላውቅማ አልረጨውም።"